በሰማንያው ቀን

ጋዲሴ ሰው ሲያውቅባት ከተማ ትለቃለች። አዳሚ ቱሉ ተወለደች፤ አርሲ ነገሌ ስፌት ለመደች፤ ላንጋኖ ሆቴል አንሶላ አጠበች። ከየቦታው የሄደችው ማንንም ሳትሰናበት ነው። አንዷ መታጠቢያ ቤት ታያታለች፣ ወሬው ገበያ ይወጣል፣ እሷም የስፌት መኪናዋን አስጭና ትሄዳለች።

ስትወለድ ገላዋ የሴት ይሁን የወንድ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ የሚወለድ አይመስለውም። ይወለዳል፤ ይደበቃል እንጂ። ገና ነፍስ ሳታውቅ አባቷና አንድ ሐኪም ተመካክረው ሴት ትሁን ብለው አስቆረጧት። ያኔ የጠየቃት የለም፣ ካደገች በኋላም የነገራት የለም። ጠባሳውና ሕመሙ ግን ቀረላት። አንድ ጊዜ ሲብስባት ሐኪም ቤት ብትሄድ ሐኪሙ ተማሪዎቹን ጠርቶ ዙሪያዋን አቆማቸው፤ በልጅነቷ የሆነችውን የሰማችው ለእነሱ ሲያስረዳ ነው፤ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሕመሟን የምታስታምመው ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እያደረገች ነው። ብቸኝነት ይለመዳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ጋዲሴን ጠይቀዋት አያውቁም።

አዳማ ስትገባ እማማ አበበች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። እማማ ከመንዝ የመጡ፣ ጾም የማይስቱ፣ አፋቸው የማይቻል ሴት ናቸው። የልጃቸው የቢኒያም ሚስት ሊዲ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ የግቢው ሴቶች በሩ ላይ ተኮለኮሉ። እልልታው ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ነውና፣ "ምን ወለደች?" አሉ። እማማ መልስ ሳይሰጡ በሩን ዘጉባቸው። ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ተበተኑ።

ለጋዲሴ ነገሩ የገባት ሰንበት ላይ ነው። እማማ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ሊዲ ገላዋን እስክትታጠብ ሕፃኑን እሷ ያዘች። ጨርቁ ረጥቦ ነበርና ልትቀይርለት ፈታችው።

"ዋቃ ኮ!" አለች በኦሮምኛ፤ አምላኬ ማለቷ ነው።

በዕድሜዋ ሁሉ እሷን የሚመስል ሰው አይታ አታውቅም። ሕፃኑ ጣቷን ጨበጠ፣ እሷም አለቀሰች፤ ደስ ብሏትም ነበር፣ አዝናም ነበር።

ሊዲ መጥታ ስታያት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ የሆዷን ዘረገፈችው። የግል ክሊኒክ ያለው አንድ ሐኪም "ቀላል ነገር ነው፤ ቆርጠን ሴት እናደርገዋለን" ብሏቸዋል። እማማ ደግሞ ቸኩለዋል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው። ሕፃኑ ወንድ ሆኖ አርባው ቢያልፍስ? ኃጢአቱ የማን ነው? ስለዚህ ከአርባው በፊት በቢላ ይለይ ብለው ወስነዋል።

ጋዲሴ ዝም ማለት ትችል ነበር። ደንበኛ አግኝታለች፣ ክፍሏን ወዳታለች፣ በዚህ ግቢ የሚያውቅባት የለም። ሆኖም ዝምታው አላስተኛትም። በማግስቱ እማማ ደጅ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"እማማ፣ ሕፃኑን አያስቆርጡት።"

"አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ?"

"እኔም እንደሱ ሆኜ ነው የተወለድኩት።"

እማማ የምስሩን ሰፌድ መሬት አስቀመጡ።

"ቆረጡኝ። እስከ ዛሬ ያመኛል። ሐኪም ቤት ብሄድ ደግሞ ለተማሪ ማሳያ አደረጉኝ። ደሙ ይመርመር፣ የሚጎዳው ነገር ካለ ይታከም። ሴት ብለው ሊያሳድጉት ከፈለጉም ያሳድጉት። ገላው ግን የራሱ ነው፤ ሲያድግ ራሱ ይናገር።"

"አርባውስ?" አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"ሰማንያውን ቢጠብቅ እግዜር ይቀየመዋል?"

እማማ ምስሩን እንዳለ ትተው ገቡ። በማግስቱ ግን የንስሐ አባታቸውን አማከሩ፤ እሳቸውም ሰማንያውን መጠበቅ በደል የለውም አሏቸው። ሕፃኑ አዲስ አበባ ተወስዶ ደሙ ተመረመረ፤ ጤነኛ ነው፣ የሚያስቸኩል ቀዶ ጥገና የለም ተባለ። ሴት ብለው ሊያሳድጓት ወሰኑና በሰማንያው ቀን ገላዋ ሳይነካ፣ ሶሲ ተብላ ክርስትና ተነሳች።

ጋዲሴ ድግሱን ከክፍሏ ሆና ሰማችው። የጠራት አልነበረም። ያን ቀን ደጅ ላይ ያወራችውን ተከራዮቹ ሰምተዋል። ልብስ የሚያሰፋ ሰው ቀረ፤ ቧንቧ ጋ ስትቀርብ ሴቶቹ እንስራቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ። እነሊዲም ወሬው ለልጃቸው እንዳይተርፍ ባቱ ሊገቡ ሆነ፤ ቢኒያም እዚያ አበባ እርሻ በሹፌርነት ተቀጥሯል።

ሊዲ ልትሰናበት ስትመጣ ጋዲሴ አንድ ነገር ለመነቻት።

"ስታድግ ንገሪያት። እኔን ማንም አልነገረኝም።"

"እኔ አልችልም፣ እትዬ ጋዲሴ። ከየት እጀምረዋለሁ?" ሊዲ እንባዋ መጣ። "ስትደርስ ወዳንቺ እልካታለሁ። አንቺ ንገሪያት።"

እነሱ ሄዱ፣ ግቢው ጭር አለ። ከቀናት በኋላ እማማ መጥተው ጋዲሴ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ አነጋግረዋት አያውቁም።

"ሞጆ ቤት ይፈለግልኝ ብለሽ ነበር አሉ። መቼ ነው የምትለቂው?"

"ትቼዋለሁ፣ እማማ። ሰው እጠብቃለሁ።"

"አንቺ ደግሞ ማን አለሽና?"

"የልጅ ልጅዎ።"

እማማ የበሩን መቃን ያዙ። ወሬኞቹ ተከራዮች ከየበራቸው ብቅ ብለው ያዩ ነበር።

"እንግዲያው ነገ ነጠላሽን ልበሺና ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አሉ እማማ። "እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ከሐኪሙ በቀር ዝንብ አታልፍም። ልጅቷ ስትመጣ ሞተሽ ብትቆያት ወዮልሽ!"