አፉን ደፍቼ የተውኩት ክዳን

ስልኩ ሲጮህ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ጅንካ ውስጥ ማንጎ ሲደርስ ለሰው መስጠት እንኳ ያስቸግራል፤ ሁሉም በየጓሮው አለው። እጄ እስከ ክርኔ ጭማቂ ስለነበር በትንሿ ጣቴ ነካ አድርጌ አነሳሁት። የወንድሜ ልጅ ሜሮን ናት። ወንድሜ ጌታቸው ካረፈ ገና ሃያ ቀኑ ነበርና፣ ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ለቅሶው ስላልደረስኩ፣ የአርባውን ጉዳይ ልትነግረኝ መሰለኝ።

«አክስቴ፣ ተቀምጠዋል?» አለችኝ።

«ተቀምጫለሁ። ምነው፣ ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አባዬ ለእርስዎ የተወው ቃል ነበር። ያን ሰሞን መንገር ከብዶኝ ነው።» ከኋላዋ የልጆች ጫጫታና የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል፤ የምትኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። «የጋሽ ታደሰ ዓይን… ጥይቱን ያበላሸው አባዬ ነው። እርስዎ አይደሉም። ‘ንገሪልኝ’ ብሎ አደራ ሰጥቶኛል።»

ማንጎውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። ቢላዋውንም። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ክዳኑስ?» የሚል ነው። ሜሮን የምን ክዳን እንደሆነ አላወቀችም። ከየት ታውቀዋለች? የክዳኑን ነገር እስከዛሬ ለሰው ተንፍሼ አላውቅም።

ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ ነው። ቤታችን ዛሬ የሜሮን ሕንጻ ከቆመበት ብዙም አይርቅም ነበር፤ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሰባት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የኮክ ዛፍ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች አባባ፣ ወንድሜ ጌታቸውና እኔ ሦስት ሆነን ነበር የምንኖረው። አባባ ሜክሲኮ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ይጠግኑ ነበር። ከአያቴ የወረሱት አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ፈቃዱ መስታወት ገብቶ ከሥዕለ ማርያም ቀጥሎ ተሰቅሏል። ጠመንጃው እንደ ሌላው አይደለም። ከሥሩ ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ ሲመልሱት ነው ባዶውን ቀለህ ተፍቶ ሌላ ጥይት የሚጎርሰው። ጎንበስ ቀና ስለሚል የግቢው ሰው «ሰጋጁ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ስግደት እንደሌለ ያውቃሉና፣ አባባ ጠመንጃውን ሲወለውሉ ባዩ ቁጥር «አንተ መናፍቅ! በሃምሳው እንኳ አታርፍም?» ይሉ ነበር ለጠመንጃው።

ለሰጋጁ የሚሆን ጥይት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አባባ ግን ቀለህ አይጥሉም። የተተኮሰውን ሁሉ ሰብስበው እቤት መልሰው ይሞሉታል። እኔ ቀለሆቹን በሎሚና በአመድ ፈትጌ አጥባለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ናሱ ሲደርቅ አዲስ ቀለበት ይመስላል። እርሳሱን የሚያቀልጡትና የሚገጥሙት እሳቸው ናቸው። ባሩዱ ግን የእኔ ድርሻ ነበር። «የእኔ እጅ ብሎን ነው የለመደው፤ የአንቺ አይንቀጠቀጥም» ይሉኝ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

መስፈሪያችን የእናቴ የኩል ዕቃ ክዳን ነበር። አባባ ልኩ እስኪመጣላቸው በሞረድ እየሞረዱ አሳጥረውታል። ሥርዓቴን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። ባዶ ቀለሆችን ጣውላ ላይ አፋቸውን ደፍቼ እደረድራለሁ። አንዱን አነሳለሁ፣ አንድ ክዳን ባሩድ እጨምራለሁ፣ «ኪርያላይሶን» እላለሁ፣ መቁጠሪያዬን አንድ አሳልፋለሁ፣ ቀለሁን ቀና አድርጌ አቆማለሁ። ቀና ያለ የተሞላ ነው፣ የተደፋ ባዶ። ስጨርስ ክዳኑን ታጥቦ እንደሚደፋ ብርጭቆ የባሩዱ ጣሳ ላይ አፉን እደፋዋለሁ። ጌታቸው በዚህ ይስቅብኝ ነበር።

«ቄሷ! ባሩዱንም አጠመቅሽው?»

«አንተንም ባጠምቅህ ደስ ባለኝ።»

«እኔን ተይኝ፤ ኳሴ ትበቃኛለች።»

በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ክፉ ልጅ አልነበረም። ዛሬም ክፉ ነበር ለማለት እጄ እምቢ ይለኛል።

ጋሽ ታደሰ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ጽሕፈታቸው ደቃቅና ቀጥ ያለ ነበር። ከሚስታቸው ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥተው ኖረው በዚያ ዓመት ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ልደት አሏት። ስለታቸው ደግሞ «ልጅ ከሰጠሽኝ በበዓልሽ ቀን ሦስት ጥይት» የሚል ነበር። እናም የግንቦት ልደታ ሲደርስ አባባ ከፖሊስ ጣቢያ ፈቃድ ጠይቀው፣ በዋዜማው፣ ለሌላ ጊዜም እንዲተርፍ፣ ዐሥራ ሁለት ቀለህ አውጥተው ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ሁሉንም ሞላሁ። ዐሥራ ሁለቱም ቀና ብለው ቆሙ፣ መቁጠሪያዬም ዐሥራ ሁለት አለ። ለሰርክ ጸሎት ደወል ሲደወል ነጭ ጨርቅ አልብሼያቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ጀንበር ሳትጠልቅ ስመለስ ጨርቁ እንደለበሰ ነው። ገለጥ አደረግኩት፤ ዐሥራ ሁለቱም ቆመዋል። የኩሉ ክዳን ግን አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ተቀምጧል።

«ደፍቼው አልነበር?» አልኩ በሆዴ። ደወሉ አጣድፎኝ ረስቼ ይሆናል ብዬ ደፋሁትና አለፍኩ። አባባ ከሥራ ገብተው፣ ፊታቸውን ተለቃልቀው፣ እርሳሱን ገጠሙበት። ከዚያ በኋላ ውስጡን የሚያይ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ካፊያ ነበር፤ ከቅዳሴ ስንመለስ ፀሐይ ወጣ። የግንቦት ልደታ ሰው ቤቱን ትቶ ደጅ የሚውልበት በዓል ነው። የባቄላና የስንዴ ንፍሮ በትልቅ ብረት ድስት ግቢው መሐል ተጥዷል፣ ድፎ ዳቦው ተቆርሷል፣ የኮኩ ዛፍ ሥር ልጆች ይራገጣሉ። አባባ ሰጋጁን ይዘው ሲወጡ ጋሽ ታደሰ ተቀበሏቸው።

«ስለቱ የኔ ነው፤ የምተኩሰውም እኔ ነኝ!»

«ታዴ፣ አንተ ከብዕር ሌላ ምን ተኩሰህ ታውቃለህ?» አሉ አባባ።

«የኔ ብዕር ስንቱን ወህኒ አስገብቷል መሰለህ! አምጣው ባክህ።»

ግቢው ሳቀ። አንደኛው ተተኮሰ፤ እልል ተባለ። ሰጋጁ ጎንበስ ቀና አለ። ሁለተኛው ተተኮሰ፤ እልል ተባለ። ሦስተኛው ድምፁ ሌላ ነበር። እንደ ጥይት አልጮኸም፤ ባዶ በርሜል በመዶሻ እንደመምታት ያለ ነው። ጋሽ ታደሰ እንደደከመው ሰው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከጣቶቻቸው መሐል ደም ይወርዳል። «ልጅቷ ነቃች እንዴ?» ነው ያሉት መጀመሪያ።

ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። ያን ደቃቅ ጽሕፈትም ይዞት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ግቢው ተሰበሰበ። አባባ የተሰነጠቀውን ብረት ገለባብጠው አይተው «አንዱ ቀለህ ከልኩ በላይ ተሞልቷል» ብለዋል። ታዲያ ማን ሞላው? በዕድሜ የግቢው ትልቅ የነበሩት እትዬ ባፈና ነጠላቸውን አጣፍተው መሐል ተቀመጡ።

«ጣውላውን የነካ ሌላ ሰው አለ?» አሉ አባባ ጌታቸውን እያዩ።

«ልደታን! እጄን አላሳረፍኩበትም» አለ ጌታቸው፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ።

«አንቺስ?» አሉኝ እትዬ ባፈና።

«ለእያንዳንዱ አንድ ክዳን ነው የጨመርኩት። በመቁጠሪያ ቆጥሬያለሁ።»

«እንግዲያው ማይ! ‘ልደታን’ በይና ይለፍልሽ።»

«አልምልም።»

«ለምን?»

«ወንጌል ይከለክላል፣ እትዬ። ቃሌ ይበቃል።»

«እሰይ! ቃል ይበቃል አለች! እውነት ያለው ሰው መሐላ ይፈራል?»

ሰው አጉረመረመ። የክዳኑን ነገር ልናገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ያን ብናገር ወንድሜን በታቦቷ ስም በሐሰት የማለ ላደርገው ነው፤ ደግሞም እርግጠኛ አልነበርኩም። ዋጥኩት። አባባ በለሰለሰ ድምፅ፣ ከቁጣ በሚብስ ልስላሴ፣ «ሐሳብሽ ጸሎቱ ላይ ነበር፣ ልጄ። አንዱን ሁለቴ ሞላሽው። በቃ» አሉ። እኔም አመንኳቸው። ልቤ በጸሎት ሰዓት መቼም እንደማይባክን ማን ደፍሮ ይናገራል? ለነፍስ አባቴ ነግሬ ንስሐ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ጋ ስቆም ወሬ ይቋረጣል። የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ ስለነበር ሩቅ አገር ጠየቅኩ። አባባም «ትንሽ ራቅ ብትዪ ይሻላል፤ ለአንድ ዓመት ያህል» አሉ። ያ አንድ ዓመት ነው እዚህ ያስረጀኝ። እዚህ አስተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ።

የሄድኩ ለት አባባ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። ገና የሞቀ የሽምብራ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው በመስኮቱ አቀበሉኝ። ዓይኔን አላዩኝም። አውቶቡሱ ሲነሳ እንባቸው መጣና «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በሻሸመኔ አቧራ፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ያቺን ቃል እያላመጥኩ ነበር። «ይበልሽ» እንጂ «ይበለን» ለምን አሉ? ኋላ፣ ከፍቅራቸው የተነሳ ጥፋቴን አብረውኝ ሊሸከሙ ነው ብዬ ተረጎምኩት። በዚያች አንዲት «ን» ሃምሳ ዓመት ተጽናናሁ።

አሁን ሜሮን የቀረውን ነገረችኝ። ጌታቸው በዋዜማው ከጣውላው ሥር የገባች ኳሱን ሊያወጣ ሲያጎነብስ ጣውላውን ገፋው። ቀለሆቹ ተገለበጡ። የፈሰሰውን ባሩድ በክዳኑ እየዛቀ በግምት መልሶ ሞላቸው፣ ቀና አድርጎ አቆማቸው፣ ጨርቁን አለበሳቸው። ቀናና ደፋውን ያውቅ ነበር፤ ስንቴ ስቆበት! የክዳኑን ብቻ አላስተዋለም። እኔ ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ እንቅልፍ አጥቶ ለአባባ ተናዘዘ። አባባም እንዲህ አሉት፦ «አንተ በልደታ ምለሃል። ግቢው ሰምቷል። እሷ እንደሁ መሄዷ ነው። ዝም በል።»

አባባ ያውቁ ነበር። ቆሎውን ሲያቀብሉኝ ያውቁ ነበር። ከዚያም በኋላ እስኪያርፉ ድረስ በየዓመቱ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ «በጸሎትሽ አስቢን» ይላል። ወንድሜን ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው፤ ፈርቶ የማለ ልጅ ነው። አባባን ግን… ትናንት ብቻዬን ሆኜ ግድግዳዬ ላይ ባለው ሥዕለ ማርያም ፊት ቆሜ «ለምን እንዲህ አደረግኸኝ?» ልላቸው ፈለግኩ። «አንተ» የሚለው አልወጣ አለኝ። ተከድቼ እንኳ አንቱ እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከመጣሁ ጀምሮ በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ ለጋሽ ታደሰ አንድ ጣሳ ማር በመንገደኛ እልክ ነበር። ጣሳው ታጥቦ ይመለሳል፣ መልእክት የለውም። በዐሥረኛው ዓመት ግን ከጣሳው ጋር አንድ ወረቀት መጣ፤ በጠማማ ትላልቅ ፊደል አንዲት ቃል ብቻ፦ «ይበቃሻል።» ይቅርታ ሊነፍጉኝ ነው ብዬ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ማሩንም መላክ ተውኩ። እሳቸውም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ።

ስለዚህ ያን ዕለት በዚያ ግቢ የነበራችሁ፣ ንፍሮውን የበላችሁ፣ በሦስተኛው ቀንም ቆማችሁ የሰማችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ልደት፣ አንቺም ዛሬ ትልቅ ሴት ነሽ፤ ከአባትሽ የሰማሽው ካለ ንገሪኝ። ከአባባና ከጌታቸው ሌላ የሚያውቅ ነበር? ጋሽ ታደሰ «ይበቃሻል» ያሉኝ ማሬን ጠልተው ነው ወይስ እውነቱን ደርሰውበት? ለሜሮን ብትነግሯት ይደርሰኛል።

አትማሉልኝ። ቃላችሁ ይበቃኛል።