እሳቸውን ይዤ እመጣለሁ

ዛሬ የጋሼ አርባቸው ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ሳስባቸው ከእንባ በፊት ሳቅ ይቀድመኛል።

የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጡረታ ወጡና ከበርሊን ርቃ ባለችው ከተማችን፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር የጃፓን ቀስት ውርወራ መማር ጀመሩ። አንድ እሑድ ደውለው "እሳቸውን ይዤ እመጣለሁ" አሉን። እናቴ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ብላ ደህናውን የጠረጴዛ ልብስ አነጠፈች፤ አንድ ሳህንም ጨመረች። ጋሼ ኤስባን ከሚባለው የከተማ ባቡር ወርደው ሮደልሃይም ሰፈር ያለው ቤታችን ሲደርሱ ግን የያዙት በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ደጋን ነበር።

"እንግዳውስ?" አለች እናቴ።

"እኚህ ናቸዋ!"

እናቴ እየሳቀች ሳህኑን አነሳች።

ደጋኑን ሁልጊዜ አንቱ ይሉት ነበር። ጀማሪ ስለሆኑ ከሁለት ሜትር ርቀት የታሰረ ገለባ ብቻ ሲወጉ ከረሙ። "ጋሼ፣ ከዚህ ቅርበት ማን ይስታል?" ብዬ ሳቅሁባቸው።

"ንዴተኛ ሰው ይስታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጣ ኖርኩ። እሳቸውን ስይዝ ግን ንዴቴን መደበቅ አልችልም፤ እጄ ያሳብቅብኛል።"

እውነትም ያ የምንፈራው ቁጣቸው ቀስ እያለ በረደ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት አብረናቸው በደስታ ኖርን።

ደጋኑ ለእኔ ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ደውዬ፣ "እሳቸውን ይዤ እመጣለሁ" አልኳት። ስደርስ በጋሼ ወንበር ፊት አንድ ሳህን ተቀምጧል። ደጋኑን ወንበሩ ላይ አስደገፍኩት። እናቴ እንደ ያኔው ሳቀች፤ ሳህኑን ግን አላነሳችውም።