ዳኛው ያልመለሱልኝ ጥያቄ

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጸሐፊ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ የተባለውን ቃል በቃል መጻፍ የኔ ሥራ ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር እስኪሆን ድረስ ግን ደብተሬን ከኔ ሌላ የፈለገው ሰው አልነበረም።

አንድ ጠዋት የወረዳው ዳኛ ስለ ሕግ ሊያስተምሩን መጡ። የመካነ ሰላም ብርድ ጣታችንን እያደነዘዘው ተሰልፈናል። "ጥያቄ ያለው?" ሲሉ እጄን አወጣሁ።

ጥያቄው የአክስቴ ነበር። አረብ አገር ለፍታ ያሠራችው ቤት የተመዘገበው በወንድሟ፣ በአጎቴ ስም ነው። ከስሳዋለች፤ ጉዳዩም እኚሁ ዳኛ ዘንድ ነው። የመጣችው ግን ለሁለት ወር ፈቃድ ነው፤ በዚያ ውስጥ ካልተሰማች ቤቷን እንዲሁ ጥላ መመለሷ ነው። ዳኛው በሰው ፊት "የእሷ ነው" ካሉ ወዲያማ ማን ይመልሰዋል ብዬ ነበር።

"አንዲት ሴት ሰው አገር ለፍታ ያሠራችው ቤት በወንድሟ ስም ቢሆን፣ የማን ነው?"

ተማሪው ሳቀ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የማንን ነገር እንደምጠይቅ ያላወቀ የለም።

ዳኛው ሕጉ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚጠይቅ አንድ በአንድ አስረዱን። "የማን ነው ለሚለው ግን እዚህ አልመልስም" አሉ።

"ፈርተው ነው?"

ርእሰ መምህራችን አፈጠጡብኝ። ዳኛው ግን አልተቆጡም። "አዎ፣ እፈራለሁ። እዚህ ከፈረድኩ ነገ ችሎት የሚመጣው ሰው ይሰሙኛል ብሎ እንዴት ይመጣል?"

ተናድጄ ጻፍኩት። "እፈራለሁ" የምትለዋን ሁለቴ አሰመርኩባት።

ቤት ገብቼ ስነግራት አክስቴ ራሷን ያዘች። "ወላሂ አንቺ ልጅ ልትገድይኝ ነው! አፋቸውን ከፍተው ቢሆን ወንድሜ 'ወግነዋል፣ ከጉዳዩ ይነሱልኝ' አይልም? ሌላ ዳኛ እስኪመጣ እኔ የት ነኝ?"

ያለችው አልቀረም። ወሬው ተጣሞ ደርሷቸው በማግስቱ አጎቴ እየተቆጡ መጡ። "ዳኛው ተማሪ ሰብስበው ለእህቴ ፈረዱላት አሉ! ዛሬውኑ ይነሱልኝ ብዬ አመለክታለሁ።"

ደብተሬን አወጣሁ። "አጎቴ፣ ቁጭ ይበሉ፤ የተባለውን ላንብብልዎ።"

የራሴን ድፍረት እንኳ ሳልዘል አነበብኩ። "ፈርተው ነው?" ስል ሳቃቸው አመለጣቸው። "አንቺ ጂኒ! ዳኛ ፊት?" ቀጥለው ወደ ደብተሩ ጠጋ አሉ። "እስቲ ያችን 'አልመልስም' የምትለዋን ድገሚያት።"

ሦስቴ አስደገሙኝ።

"እንዲህ ካሉማ እኔንም ይሰሙኛል" ብለው ተነሡ። ማመልከቻውም በዚያው ቀረ።

አሁን ጓደኞቼ "ዳኛ በአደባባይ ይናገር ወይስ አይናገር?" ብለው ሲከራከሩ አቋሜን አልለቅም፤ ሕጉን ያስተምሩን፣ ደጋግመውም ይምጡ፤ ሰው የሚካሰስበትን ግን ለችሎት ያቆዩት። ያን ጠዋት ደስ ሊያሰኙኝ ብለው ቢመልሱልኝ ኖሮ አክስቴን የምጎዳት እኔ ነበርኩ።

ቀጠሮው በቀኑ ዋለ። አክስቴ በአንድ በኩል፣ አጎቴ በሌላ በኩል ቆሙ። ዳኛው ከኋላ ወደተቀመጥኩት ወደኔ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

"አሁን ልስማችሁ" አሉ።

ደብተሬን ከፈትኩ።