የእትዬ ካሰች የፊደል ገበታ

ታቦር ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ፊደል ማስቆጠር የእትዬ ካሰች ርስት ነበር። መጠቆሚያ እንጨታቸውን ገበታው ላይ ሲያሳርፉ ሕፃናቱ «ሀ ሁ ሂ» እያሉ በዜማ ያስነኩታል፤ ድምፁ ቢሮ ድረስ ይሰማል። ሐዳሳንም በልጅነቷ ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ያቺው ሐዳሳ መምህርት ሆና ከጎናቸው ያለውን ክፍል ያዘች።

ሐዳሳ ጋ ዜማ የለም። «መ»ን ስታስተምር «ምምም» ታስብላቸዋለች፤ ልጆቹም ከንፈራቸው ሲገጥም በጣታቸው ይዳስሳሉ። «ሀ» ሲሉ ደግሞ ትንፋሻቸውን በመዳፋቸው ይቀበላሉ።

«የሰው ልጅ እንደ ጥጃ ታስጮኻለች» አሉን እትዬ ካሰች፣ እኛ መምህራኑ ሻይ ስንጠጣ። ሳቅን። እሳቸው ግን ቅናት አንጀታቸውን እየበላው ነበር። ወላጁ ሁሉ «የሐዳሳ ክፍል ይሁንልኝ» ማለት ጀምሯል። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ርእሰ መምህሩ አቶ ወንድሙ ለመጪው ዓመት ጀማሪዎቹን ለአንድ መምህር ብቻ እንደሚሰጡ ሲናገሩ ነገሩ ባሰ። አርብ ሁለቱንም ክፍል አይተው ሊወስኑ ነው። ሐሙስ እትዬ ካሰች ሐዳሳ ክፍል ገብተው ያዋሷትን የፊደል ገበታ ከግድግዳው ላይ አወረዱ።

«የኔ ነው» አሉ።

«ይውሰዱት፣ ቲቸር» አለችና በሩን ከፈተችላቸው። ይኼም አበሳጫቸው።

አርብ አቶ ወንድሙ ገበታውን ዞር ብለው አላዩትም። በሁለቱም ክፍል ሰሌዳ ላይ «ቆሎ» ብለው ጻፉ። የእትዬ ካሰች ልጆች አንድ ፊደል ለማግኘት ከረድፉ ራስ መነሳት ለምደዋል። «ቀ ቁ ቂ ቃ ቄ ቅ ቆ» ብለው ቆን አገኟት። «ለ ሉ ሊ» ብለው ሎ ላይ ሲደርሱ የፊተኛዋ ጠፋቻቸው። እንደገና ከቀ ተነሱ። እትዬ ካሰች እንጨታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

የሐዳሳ ክፍል «ቆ፣ ሎ፤ ቆሎ» ብሎ አነበበ። አንዷ እንዲያውም «ቆሎው የታለ?» አለች።

ጀማሪዎቹ ለሐዳሳ ተሰጡ፤ እትዬ ካሰች ሦስተኛ ክፍል ተመደቡ። ማታ አብረን በባጃጅ ስንመለስ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ቆይተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አሳርፈው በቀስታ «ምምም» ሲሉ ሰማኋቸው። ደግመው ሞከሩት።

«እውነትም ከንፈር ይገጥማል» አሉኝ። «ይኼን እኔ አላስተማርኳትም።»