ሦስት እጅ ዘይት

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴንም ፊደሉን እንደለየሁ ነው የተውኩት። የተሳሳተ ካለ እያቃናችሁ አንብቡልኝ። ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ነው። መርፌ ስይዝ እጄ አይፈራም፣ እስክሪብቶ ስይዝ ግን ያልበኛል። ብቻ የጎረቤቴ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጻፈው ወይ ብዬ ብጠይቀው "ጻፈው፣ ምን ቸገረኝ" አለ። እንግዲህ እሱ እንደነገረኝ አድርጌ ልሞክር።

ሰውየው እንጨት ቀቢ ነው። አናጢዎች ሠርተው የጨረሱትን በር፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ ይቀበልና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቫርኒሽ ወይም ዘይት ይቀባዋል። የሚሠራው እዚያው ቤቱ፣ ወደ መንገድ በምታየው ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሳሎኑ የሚለያት አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ሰፈሩ ጺሞ ይለዋል። ጺሙ ያኔ ደረቱ ላይ ባይደርስም ወደዚያው መንገድ ጀምሯል። ሰጋቱራ ሲገባበት ያራግፈዋል፣ ቫርኒሽ ሲነካው ጫፉን በመቀስ ይቆርጠዋል፣ በቃ። ከዚያ ያለፈ እንክብካቤ ያ ጺም አያውቅም።

ለምን እንዳሳደገው የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ጎረምሳ ሆኖ ሥራ ሲለምድ እንጨት የሚጣበቅበት የሚፈላ ኮላ ከነጣሳው ተደፍቶበት፣ አገጩና ግራ ጉንጩ ተቃጥሏል። ጠባሳው ላይ ፀጉር አይበቅልም፤ ዙሪያውን ያለው ነው አድጎ የሚሸፍንለት። አንድ ልጁ፣ ዛሬ የልጅ እናት የሆነችው፣ የአባቷን አገጭ አንድም ቀን አይታ አታውቅም ነበር።

ነገሩን ያመጣችው የልጅ ልጁ ናት። ሕፃኗ ገና እየተንገዳገደች መራመድ ጀምራለች። እናቷ ደግሞ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አግኝታለች። ሚስቱ ጉልበቷን ስለሚያማት ብቻዋን ልጅ ተከትላ መሮጥ አትችልም፤ እሱ ግን ቤት ስለሚውል ሁለቱ ተጋግዘው ይጠብቋታል ተባለ። ሁሉም ደስ አላቸው። ከዚያ አንድ እሑድ እናትና ልጅ መጡና ጺሞ ሕፃኗን አንሥቶ ሳማት። ጩኸቷን እኔ እንኳ ከግድግዳው ማዶ ሰምቻለሁ።

"አባዬ፣ ወጋሃት እኮ!" አለች ልጁ እየነጠቀችው።

"ምን አደረግኳት? ሳምኳት።"

"በምንድን ነው የሳምካት፣ በሽቦ ብሩሽ?"

ሚስቱ ከጓዳ ሆና "እኔ ስንት ዘመን ዝም ብዬ የቻልኩትን እሷ በአንድ ቀን ጮኸችበት፤ ጎበዝ ናት" አለች።

ልጁ አልሳቀችም። የሕፃኗን ጉንጭ እያሻሸች፣ "አባዬ፣ ቀልዴን አይደለም" አለችው። "ሥራ የምገባው የነገ ሳምንት፣ ሰኞ ነው። እሑድ ይዣት እመጣለሁ። ያን ቀንም እንዲህ ካለቀሰች ለባሌ እናት እሰጣታለሁ። እዚያ ደግሞ ሩቅ ነው፤ እናንተም አታገኟትም። ወይ ደግሞ ተላጨው።"

ጺሞ ብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቶ ያለቀ በር ማሸት ጀመረ። በሆዱ ግን እንዲህ ሲል አሰበ፤ ሻካራ እንጨት መጣል የለበትም፣ ይለሰልሳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያ እጅ አይወጋም። ጺም ምን የተለየ ነገር አለው?

በማግስቱ መንገዱ ዳር ያለው ኮስሞቲክስ ቤት ገባ። የሴት ሽቶና የጥፍር ቀለም በተደረደረበት መሐል ቆሞ፣ ቱታውን ቁልቁል ሲያይ መውጣት አማረው። ሻጯ ቀድማ አየችው።

"ጋሼ፣ ምን ልስጥዎት?"

"ለጺም የሚሆን... ዘይት አለ?"

"ለራስዎ ነው?"

"አይ፣ ለሌላ ሰው ነው" አለ፣ ጺሙን በእጁ ሸፍኖ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች፤ ጨዋ ናት። "የሚያሳድግ ነው ወይስ የሚያለሰልስ?"

"ማደጉንስ በራሱ ያውቅበታል። የሚያለሰልስ ይሁን።"

የኮኮናት፣ የጉሎ፣ የአልመንድ ትንንሽ ጠርሙሶች ደረደረችለት። በመጨረሻ አክስቷ በቤቷ ቀላቅላ የምታዘጋጀውን ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ አወጣች። ሽታው ደስ የሚል፣ እንደ አበባ ነው። የትኛው እንደሚሻል ሲጠይቃት "እንደ ሰዉ ፀጉር ነው" አለችው። "ታጥበው ሲጨርሱ መዳፍዎ ላይ ሁለት ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ..." ቀሪውን አልሰማም። ሌላ ደንበኛ ስትገባ አይቶ አራቱንም ጠቅልላ እንድትሰጠው ለመናትና ወጣ።

እንግዲህ እንጨት ቀቢ ዘይት እንዴት እንደሚመርጥ ልንገራችሁ። በቃል አያምንም። ቁራጭ ጣውላ ያመጣል፣ ጎን ለጎን ትንሽ ትንሽ ይቀባል፣ መስኮት ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። ጺሞም እንዲሁ አደረገ። ሮብ ዕለት ጣውላውን በጣቱ ነካካው። ኮኮናቱ እንደ ቅባት ተኝቷል፣ አቧራም ይዟል። ጉሎው ጣት ላይ ይሳባል። አልመንዱም እንደረጠበ ነው። የአክስትየዋ ቅልቅል ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ፣ ደርቆ፣ ያበራል።

"ይሄ ነው ዘይት ማለት" አለ ለራሱ።

ሦስቱን ለሚስቱ ሰጣት። እሷም ጉልበቴን አሽበታለሁ ብላ ተቀበለችው።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያውን እጅ ከሥር እስከ ጫፍ ቀብቶ በጨርቅ ወለወለው። በማግስቱ ሁለተኛ እጅ ቀባ። እንጨት ቢሆን በሁለቱ መሐል በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይታሽ ነበር፤ ወረቀቱን አንሥቶ መስታወት ፊት ከቆመ በኋላ በራሱ ስቆ መለሰው። ዓርብ ሦስተኛውን ቀባ። ጺሙ ጠጠር ማለቱን አውቋል፤ ግን እየያዘ ነው ብሎ ነው የገመተው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ትልቅ በር ሲያሽ አረፈደ። ሰጋቱራው እንደ ወትሮው ጺሙ ላይ ወረደ፣ እንደ ወትሮው ግን አልተራገፈም። ማበጠሪያ ቢያስገባ ጥርሱ ተሰብሮ እዚያው ቀረ።

ሚስቱ መጋረጃውን ገልጣ አየችውና "ኧረ ሰውዬ፣ ፊትህ ላይ ምን በቀለ?" አለች።

"ዘይት ነው።"

በጥፍሯ አንኳኳችው። "ይሄ ቅርፊት ነው።"

"በአኳራጅ ብነካው ይለቃል፤ ስንቱን ቀለም ያሟሟ የለ?"

"እሺ ንካው። ከዚያ እኔ ምድጃ ስለኩስ ውጭ ቁም።"

ነገ እሑድ ነው። ሕፃኗ ባለፈው የጮኸችው ለፀጉር ነበር፤ ለዚህ ቅርፊት ምን ልትል ነው? ሻርፕ አፉ ላይ ጠምጥሞ ጥግ ላይ ወዳለው ፀጉር ቤት ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ የረጅም ዘመን ጓደኛው ነው። የራስ ፀጉሩን ሲቆርጥለት ኖሯል፣ ጺሙን ግን አስነክቶት አያውቅም። ሻርፑ ሲወርድ ጓደኛው ማበጠሪያውን አስቀመጠ።

"ምን ቀባኸው?"

"የጺም ዘይት።"

ጥቂት ፀጉር በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተ። "ሽቶውን ተወው፣ ከሥሩ ተልባ ነው። ተልባ ደግሞ ይደርቃል። ይህንንስ እኔ ነኝ ለአንተ የምነግርህ?"

ጺሞ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ተልባ ሲቀባ ኖሯል። አፍንጫው በቫርኒሽ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ከሽቶው ሥር ምን እንዳለ አልለየም።

"ስንት ጠብታ ነው የቀባህ?"

"ሦስት እጅ።"

ጓደኛው ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ሦስት እጅ! ወንድሜ፣ የበር ማጠፊያ እንግጠምልህ?" ከሳቁ ሲመለስ ነገሩን አስረዳው። ለጺም የሚመረጠው እንጨት ላይ የጠላው፣ የማይደርቀው ዘይት ነው። ሙቅ ውኃና ሳሙና ሞከሩ፤ ሰጋቱራው ለቀቀ፣ ቅርፊቱ አልለቀቀም።

"ከሥሩ ነው የሚነሣው። ልላጭህ?"

ጺሞ መስታወቱን አየ። "ከሥሩ... ጠባሳ አለ" አለ። ከሚስቱ ሌላ ለሰው ሲናገረው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

"እኔ ጠባሳ የሌለበት ራስ ላጭቼ አላውቅም። ቀና በል።"

መጀመሪያ በቶንዶስ፣ ከዚያ በሳሙና አረፋ፣ ከዚያ በምላጭ። ጠባሳው ጋ ሲደርስ እጁን አቀለለ። ሲጨርስ ቫዝሊን በስሱ ቀባውና "ይሄ አይደርቅም" ብሎ ጣሳዋን ኪሱ ከተተለት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና እንደ ከረመ እንግዳ "ደህና ከረምክ?" አለችው።

እሑድ ልጁ ሕፃኗን አቅፋ ገባች፣ በሩ ላይም ቆመች። ጺሞ አግዳሚው ላይ ግራ ጉንጩን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተቀምጧል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ሚስቱ "አንተ አትንካት፣ እሷ ትንካህ" ብላ አዝዛዋለች። ሕፃኗ አላወቀችውም። ፈዝዛ አየችው እንጂ አላለቀሰችም። መሬት ስትወርድ አግዳሚውን እየያዘች ሄዳ ጉልበቱ ጋ ደረሰች። እሱ ጎንበስ አለላት። አገጩን በጣቷ ነካችው፣ ጣቷን መለሰች፣ እንደገና ነካችው። ጣቷ ላይ ቫዝሊን አየችና ሸሚዙ ላይ ጠረገችው። ከዚያ መሬት ላይ ያለው ሰጋቱራ በለጠባትና ወደዚያ ሄደች።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለች ልጁ።

"ኮላ ነው።"

"መቼ?"

"ሳትወለጂ።"

"እስከ ዛሬ ያልተላጨኸው ለዚህ ነው?"

"ሥራ እየበዛብኝ ነው እንጂ" አለ።

ልጁ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ልጁ ሕፃኗን ከሰጋቱራው ላይ አነሣችና እጇን እያራገፈች "ነገ በጠዋት አመጣታለሁ። ወተቷን ለብ አድርጉት፣ ትኩስ አትወድም" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጺሞ ቀድሞ ተነሣ። የቫርኒሹንና የአኳራጁን ጣሳ ሁሉ ከድኖ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለ። አንድ አናጢ ከቁርጥራጭ የሠራለት፣ ለሕፃኗ የሚሆን ትንሽ ወንበር ነበር። የአክስትየዋን ዘይት አመጣና የተረፈውን ቀባው፤ አንድ እጅ ብቻ፣ በስሱ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወለወለው። እስኪደርቅ ከመደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጠው። ተልባ የነካው ጨርቅ በራሱ ሊነድ ስለሚችል ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከረው። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አሸተተው፣ እንደገና ታጠበ። ፊቱን ተላጭቶ ቫዝሊኑን ቀባ። በሩ ሲንኳኳ "መጣሁ" ብሎ ሊከፍት ሄደ።