ሁለቱ የዋሂል ጠመንጃዎች

ረቡዕ ንጋት፣ ለገሃር

ጣቢያው የደረስኩት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት በደረት ኪሴ፣ መሣሪያዎቼን በትንሽ የቆዳ ቦርሳ ይዣለሁ፤ መለኪያ፣ ረጅም ቀጭን ዘንግ፣ ትንሽ መስተዋት። ፍተሻ ላይ የቆመው ወታደር መስተዋቱን አገላብጦ አየና «ፀጉር አስተካካይ ነህ?» አለኝ። የብረት ሥራ ባለሙያ መሆኔን፣ ጠመንጃ መጠገንም ከአባቴ መማሬን ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም። መስተዋቱን ተቀብዬው አለፍኩ።

የምሄደው በእህቴ በአልማዝ ደብዳቤ ነው። ባሏ ጋሼ ተስፋዬ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ አሁን ታስረዋል። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ዋሂል አጠገብ አንድ የአትክልት ዘበኛ በድብልብል የእርሳስ አረር ተመትቶ ሞቷል። እንዲህ ያለውን አረር የሚተኩሰው ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ነው። ጋሼ ተስፋዬ እንዲህ ያለ ጠመንጃ አላቸው፤ ከሟቹም ጋር ተጣልተው ነበር። «ጠመንጃው ዝገት የበላው ነው። መጥተህ አስረዳልኝ» ይላል ደብዳቤው።

ረቡዕ፣ ከአዋሽ ወዲያ

ግራር፣ የደረቀ ወንዝ፣ ደግሞ ግራር። አቧራውና ወበቁ በመስኮት እኩል ይገባሉ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት የቆሰለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ሙዝ ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

«አንተስ ማንን ልትጠይቅ ነው?»

«የታሰረ ዘመድ።»

ድሬዳዋ ስንደርስ ጓዛቸውን አወረድኩላቸው።

ከጣቢያው በጋሪ ወደ እህቴ ሰፈር፣ ወደ ከዚራ ሄድኩ። አልማዝ ከስታለች። «ወንድምዓለም፣ መጣህልኝ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሳሎን ውስጥ ሽርጥ ያገለደመ ቀጭን ሰው ተቀምጧል፤ አደም ነው፣ ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያለው ሶማሌ። ከጋሼ ተስፋዬ ጋር ለዓመታት አብረው አድነዋል። የቀረበለትን ፓስታ አልነካውም።

«አቦ፣ እኔም እንደሱ ያለ ጠመንጃ አለኝ» አለኝ። «ነገ አመጣዋለሁ። ሁለቱን አስተያያቸው።»

እኔም ደስ አለኝ። ማወዳደሪያ ከተገኘ መርማሪውን ማሳመን ይቀላል።

ሐሙስ ጠዋት

መርማሪው ወጣት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሁለቱን ጠመንጃዎች ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩና መስኮቱን አስከፈትኩ። በመስተዋቱ ብርሃን እየመለስኩ የቱቧቸውን ውስጥ አየሁ።

የጋሼ ተስፋዬ ጠመንጃ ከተተኮሰበት በኋላ በወጉ ታጥቦ አያውቅም። የባሩዱ ጥላሸት ብረቱን በልቶት ውስጡ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል። አረሩን እያሽከረከሩ ቀጥ አድርገው የሚልኩት ጠመዝማዛ ቦዮች በጣት እንኳ አይዳሰሱም። አፈሙዙም በአንድ ጎን ተበልቷል። የአደም ግን ያበራል። ቦዮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ናቸው፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ በዘንግ ስሰድበት እየተሽከረከረ ወረደ።

«በወሬ አይሆንም» አለ መርማሪው። «ነገ ተኩሰህ አሳየኝ።»

ዓርብ፣ የዋሂል መንገድ

ላንድሮቨሩ ኋላ ላይ ጋሼ ተስፋዬ እጃቸው ታስሮ ከአደም ጎን ተቀምጠዋል። ሟቹ ከወደቀበት ቦታ መቶ እርምጃ ቆጥረን ቆምን። የሽንኩርቱ መደብ ውኃ አጥቶ ጠውልጓል። ደረት የሚያህል ሳንቃ አቆምን።

እጄ ተንቀጠቀጠ እንዳይባል ጠመንጃዎቹን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደገፍኩ። ባሩዱንም በአንድ መስፈሪያ ሰፈርኩ። ከጋሼ ተስፋዬ ጠመንጃ አምስት ጊዜ ተኮስኩ። አንዱ የሳንቃውን ጥግ ገመሰ፤ አራቱ ግራና ቀኝ አቧራ አስነሡ።

«ዕድል ሆኖለት ቢመታውስ?» አለ መርማሪው።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም።

ከዚያ የአደምን አነሣሁ። አምስቱም አረሮች በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ አረፉ። ስለ ሙያው ብቻ እያሰብኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልኩ። ዞር ስል አደም መሬት ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አደም፣ ዝም በል!» ጮኹ ጋሼ ተስፋዬ።

ያን ጊዜ ነው ከመጀመሪያው ያውቁ እንደነበር የገባኝ።

«ከርከሮ መስሎኝ ነው። ወላሂ፣ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ፀሐይዋም እየገባች ነው። ቀርቤ ሳየው ሰው። ሸሸሁ።» ወደ ጓደኛው ዞረ። «ልናገር ስል ስንት ቀን ምላሴ እምቢ አለኝ፣ ተስፋዬ። ጠመንጃውን ካዩት ይገባቸዋል ብዬ አመጣሁት።»

መርማሪው ገመዱን ከጋሼ ተስፋዬ እጅ ፈቶ የአደምን አሰረበት። ስንመለስም ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሼ ተስፋዬ በተፈታው እጃቸው የአደምን ትከሻ ይዘው ነበር።

ቅዳሜ

ጋሼ ተስፋዬ ቤት ገቡ፤ ጎረቤት እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ሊል መጣ። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ማታ ራት ላይ አንዴ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ልጆቼም አድገዋል። እሱ ስድስት ትንንሽ ልጆች አሉት። የእኔን ብቻ አይተህ ብትመለስ ምን ነበረበት?»

«አስረዳ ተብዬ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

አልማዝ ሳህኖቹን አንሥታ ወጣች። ኩሽና ስታለቅስ ሰማኋት።

እሑድ፣ መመለሻ

ጣቢያው ድረስ የሸኘችኝ አልማዝ ብቻ ነች። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ እያልን ሄድን።

«ጋሼ የት ሄዱ?»

«ቁርስ ይዞ እስር ቤት፣ አደም ዘንድ። ከዚያ ሱቁን ሊከፍትለት ቀፊራ ይወርዳል።» ነጠላዋን አጣፋች። «ሰላም በይልኝ አላለኝም። አልዋሽህም።»

«አንቺስ ተቀየምሽኝ?»

«የጠራሁህ እኔ ነኝ» አለችና ጉንጬን ስማኝ፣ ባቡሩ ሳይነሣ ተመለሰች።

አዲስ አበባ ስገባ ዝናብ ይዘንባል። ሚስቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አስፈታሃቸው?»

«አዎ» አልኳት። «ተፈትተዋል።»

«ተመስገን!» ብላ እልል ልትል ስትል ፊቴን አየችና ተወችው።