የጠጄ ወረንጦ

የልጄ ልጅ ሀብታም ባለፈው ቅዳሜ ከሐሙሲት መጣች። አስተማሪ ከሆነች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠችና፣ «እምዬ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው» አለችኝ። ደመወዟ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለሽሮ እንኳ አይበቃም፤ ባሕር ዳር ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የተሻለ እከፍልሻለሁ ብሏታል። እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ ሰማኋት። ቀጥላ ግን፣ «ደግሞ አብራኝ የምታስተምረው ትልቋ መምህርት የኔን ግማሽ ሠርታ ከኔ የበለጠ ትወስዳለች። ይኼ ፍትሕ ነው?» ስትል እጄ ሳላዘው አንገቴ ላይ ወዳለው ክር ሄደ። ክሩ ላይ ከመስቀሌ ጎን አንዲት የብረት ወረንጦ ተንጠልጥላለች። ቤተሰቡ እሾህ ማውጫዬ ትመስለዋለች። የኔም አይደለችም።

እኔ በሀብታም ዕድሜ፣ እንዲያውም ትንሽ አንሼ፣ ወረታ ውስጥ እህል ለቃሚ ነበርኩ። ያን ጊዜ ፎገራ እንደዛሬው ሩዝ በሩዝ አልነበረም። ክረምት ሜዳውን ውኃ ያለብሰዋል፤ ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በበጋው ያ ሁሉ እህል በአህያና በመኪና ወረታ ይገባና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ይከመራል። ከአፈሩና ከጠጠሩ የምንለየው እኛ ሴቶች ነበርን።

ሥራው በጥንድ ነው። አንዷ በሰፌድ ታበጥራለች፣ ሌላዋ ትለቅማለች። የሁለቱም ክፍያ በገበያ ዋዜማ ለታላቋ በእጇ ይሰጣትና እሷ ታካፍላለች። ታናሿ ስንት ተሰጠሽ ብላ አትጠይቅም፤ ነውር ነበር።

የኔ ጥንድ ጠጄ ነበረች፤ የይፋግ ሰው፣ ባሏ የሞተባት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ። እትዬ ጠጄ እላት ነበር። ዓይኗን የዓይን ማዝ ጎድቶታል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይወጋታል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር መጋዘኑ በር ላይ ራሷን ጭኔ ላይ ታደርግና ፀጉሩን አንድ በአንድ በወረንጦ እነቅልላታለሁ። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ አፏ ግን አያርፍም።

«ቀስ በይ አንች! ዶሮ የምትነጪ መሰለሽ?»

«አትነቃነቂ፣ እትዬ ጠጄ።»

«ዶሮስ ከታረደች በኋላ አይዶል የምትነጭ!»

ወረንጦዋን እኔ አንገት ላይ ያንጠለጠለችው እሷ ናት። «እኔ ጋ ምን ትሠራለች፣ አይቼ አልነቅልባት» ብላ።

ጠጠር እንደ ልቧ ስለማታይ እሷ ሁልጊዜ ታበጥራለች፣ እኔ ሁልጊዜ እለቅማለሁ። አቧራው ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ ዱቄት ይቦካል፤ ጥፍሬ ሥር ይደማል። የምናገኘውም ትንሽ ነበር። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች፣ እኔ እየለቀምኩ፣ ማታ የምንበላው ቂጣ በጓያ ሽሮ ነው። ሆድ ሲጎድል ቂም ይሞላል። ስንካፈል እኩል መሆኑ ይከነክነኝ ጀመር። ያበጠረችውን መልሼ የማጠራው እኔ፤ ታዲያ ስለምን እኩል?

መጋቢት ላይ አንድ የሐሙሲት ነጋዴ ሽምብራ ሊገዛ መጣና እጄን ቆሞ ሲያይ ዋለ። ሲሄድ ጠራኝ።

«ዓይንሽ የጭልፊት ነው። ከፋሲካ በኋላ እኔ ጋ ነይ። የጥንድ ታላቅ አደርግሻለሁ፤ ሙሉ ክፍያ ትወስጃለሽ።»

«ጥንዴስ?»

«ዕውር ቀጥሬ ጠጠር ልሽጥ?»

እናቴ ሂጂ አለች። እኔ አመነታሁ። ጠጄን ማን ይነቅልላታል? ጥንድ ያጣች ለቃሚ መጋዘን ውስጥ ቦታ የላትም። በመጨረሻ አንድ መላ አመጣሁ፤ የድርሻዬን ለብቻዬ ከከፈሉኝ እቆያለሁ። ሚዛኑ አጠገብ ወደተቀመጠው ባለ መጋዘን ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የኔን ለብቻዬ ይክፈሉኝ። ጠጠሩን የምለቅመው እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «ለብቻሽ? እንዳልሽ። ለትልቅ ሴት ሙሉ፣ ለልጃገረድ ግማሽ ነው የምከፍል። ግማሽሽን ትወስጃለሽ።»

«እኩል ነው የምንካፈለው!»

«እሱ የጠጄ ጉድ ነው። እኔ ለሷ የምሰጣት አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ነው። ስትጀምሪም እንዲሁ ነበር።»

ከመጋዘኑ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ የተሸከምኳት መስሎኝ ነበር።

በነጋታው ራሷን ጭኔ ላይ ስታደርግ፣ እየነቀልኩ ጠየቅኋት።

«እትዬ ጠጄ፣ ከራስሽ እየቀነስሽ ነበር የምትሰጪኝ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ያንች እጅ ሁለት፣ የኔም ሁለት። ሰውየው መቁጠር ባይችል እኔም ልርሳው? ደግሞ ብነግርሽ ሄደሽ ትሰድቢዋለሽ፤ አፍሽ እሳት ነው። ያባርርሻል።»

የሐሙሲቱን ነገርኳት። እንባዋ ወረደ፤ ከነቀላው ይሁን ከሌላ አልለየሁም።

«ሙሉ ይከፍላል?»

«ሙሉ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ከፋሲካ በኋላ ሄድኩ። ሐሙሲት በደረስኩ ቀን ፊቴን ስታጠብ ወረንጦዋ አንገቴ ላይ ቀርታ አገኘኋት። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላስታወስኩ። መንገዱ አንድ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው፤ ለአንድ ሾፌር ብሰጣት ኖሮ ያደርስልኝ ነበር። አላደረግሁም። የሚመጣው ቅዳሜ እያልኩ ክረምት ገባ። እውነቱን ልናገር፤ ሽፋሽፍቷን የሚነቅልላት አጥታ ማየት ፈርቼ ነው።

ጥቅምት ላይ ሜዳው ውኃውን ሲለቅ ወረታ ሄድኩ። ጠጄ ጥንድ አጥታ ተባርራለች። በእግሬ፣ በመኪናም፣ ይፋግ ደረስኩ። በወንድሟ ቤት ግድግዳ ሥር ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ብሌኗ ወተት መስሏል። ወረንጦዋን መዳፏ ላይ አስቀመጥኳት። ዳሰሰቻትና በስሜ ጠራችኝ።

«ሙሉ ይከፍልሻል?»

«ይከፍለኛል።»

«እሰይ። ጥንድሽ ማናት?»

«አንዲት ከአንበሳሜ የመጣች ልጅ።»

«ለሷስ?»

ነጋዴው ለልጅቱ ግማሽ ነበር የሚሰጠኝ፤ እኔም ያንኑ ግማሽ ቆጥሬ ሳስረክባት ስድስት ወር ሆኖኛል። ፍትሕ እያልኩ ስጮህ የኖርኩት እኔ! ጠጄ አልወቀሰችኝም። እጄን ፈልጋ ወረንጦዋን መለሰችልኝ። «ውሰጃት። እኔ ጋ ምን ትሠራለች።» ያ የድሮ ቀልዷ ነበር፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እኩል አካፍያለሁ። ይኼን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ ዓይን አይመልስም።

ይኼን ሁሉ ለሀብታም ነገርኳት። ቆይ አላልኳትም፤ በረሃብ የሚጸድቅ የለም። ያልኳት ሌላ ነው። ትንሽ ደመወዝ አጠገብሽ ካለው ሰው ጋር ያጣላሻል፤ ከፋዩ ዳር ቆሞ ያያል። ያንን ባለ መጋዘን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ አልልምም።

«ያች ትልቋ መምህርት ለምን ግማሽ እንደምታስተምር ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ሰኞ ጠይቂያት። ከዚያ ልቀቂ።»

ስትሄድ ወረንጦዋን ለማስታወሻ ስጪኝ አለችኝ። አልሰጠኋትም። በጊዜዋ ያልመለስኳት ናት፤ የኔ ያልሆነውን አላወርስም።